ካርቡሬተር 3 ባር አይችልም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌዎቹ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ደባልቆ ለሞተሩ የሚሰጥ ዕቃ) መኪኖች፣ ቮልስዋገኑም ዲኤክስ ኮሮላውም ፔጆውም ላዳውም የቤንዚኑ ላንድክሩዘርም፣ ገና ብዙ ዓመት እንዲያገለግሉን እንፈልጋለን። ከዚሁ ጋር ግን አንድ አደገኛ ልማድ እየሰፋ ነው። መኪናው ዳገት ላይ ሲንተፋተፍ ወይም ሰንብቶ አልነሳ ሲል፣ ቤንዚኑን በከፍተኛ ግፊት ከሚረጭ የኢንጀክሽን መኪና የተነቀለ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ተገዝቶ በቤንዚን መስመሩ ላይ ይቀጠላል። ሽቦው በቀጥታ ከቁልፉ ይሳባል። ሞተሩ ከተነሳ ሥራው አለቀ ይባላል። እንዲህ የተገጠመ ፓምፕ መኪና ያቃጥላል። በአግባቡ የተገጠመ ረዳት ፓምፕ ግን ለአሮጌ መኪና ትልቅ ጥቅም አለው፤ እባካችሁ ልዩነቱን ለአንባቢ እንዳስረዳ ቦታ ስጡኝ።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ልጀምር። የድሮው መካኒካል ፓምፕ ሞተሩ ጎን ተቀምጦ በካምሻፍቱ (ቫልቮቹን በሚከፍተው ዘንግ) ምት ይሠራል። ቤንዚኑን ከታንኩ ድረስ የሚያመጣው ስቦ ነው። ሲስብ በመስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጪው አየር ያንሳል፤ ግፊቱ ያነሰበት ቤንዚን ደግሞ ቶሎ ይፈላል። ቤንዚን እንደ ውሃ በአንድ የሙቀት ልክ የሚፈላ አይደለም፤ ቀላል ቀላሉ ክፍሉ ገና ከ35 እስከ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ መፍላት ይጀምራል። የምሠራባት ጅማ 1,750 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል በ18 በመቶ ያህል ያነሰ ነው፤ ይህም ነገሩን ያፋጥነዋል። ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው ክፉው ቦታ ግቤ በረሃ ነው። ከአበልቲ ወርዶ 1,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለውን ድልድይ የተሻገረ መኪና ወደ ወልቂጤ ሽቅብ ሲያያዝ በሁለተኛ ማርሽ ቀስ እያለ ይወጣል። ሞተሩ ይግላል፣ ነፋስ አያገኝም፣ ፓምፑ ከሞተሩ ብረት ጋር ተጣብቆ አብሮ ይግላል። በመጨረሻ ፓምፑ የሚስበው ቤንዚን ሳይሆን እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ይጨመቃል እንጂ አይገፋም፤ ስለዚህ ካርቡሬተሩ ደርቆ ሞተሩ ይቆማል። ሹፌሮች ፓምፑን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ትንሽ ሲጠብቁ መኪናው የሚነሳላቸው፣ ቅዝቃዜው እንፋሎቱን መልሶ ፈሳሽ ስለሚያደርገው ነው።

ታንኩ አጠገብ የተቀመጠ የኤሌክትሪክ ፓምፕ መስመሩን በሙሉ ከኋላ ይገፋል። የተገፋ ቤንዚን ግፊቱ ከፍ ስለሚል የሚፈላበት ሙቀትም ከፍ ይላል። ሌላው ጥቅሙ ሁለትና ሦስት ሳምንት ለቆመ መኪና ነው። የካርቡሬተሩ ሳህን ውስጥ ያለው ቤንዚን በዚያ ጊዜ ተንኖ ያልቃል፤ መካኒካሉ ፓምፕ እስኪሞላው ድረስ ሞተሪኖውም ባትሪውም ይደክማሉ። የኤሌክትሪኩ ፓምፕ ግን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ባለ ጊዜ ሳህኑን ይሞላል።

ነገር ግን ፓምፕ ከመግዛት በፊት ሌላ ምክንያት እንደሌለ ይረጋገጥ። ብዙ ጊዜ «ቤንዚን አልደርስ አለው» የሚባለው መኪና በሽታው ሌላ ነው። አየር ማጣሪያው ይነሳና ሞተሩ እንደቆመ፣ ሳይቀዘቅዝ፣ ካርቡሬተሩን ከላይ እያዩ የነዳጅ መስጫው ዘንግ በእጅ ይሳብ። ቀጭን የቤንዚን ጅረት ወደ ውስጥ ከተረጨ ሳህኑ ውስጥ ቤንዚን አለ ማለት ነው፤ ችግሩ ያለው ከእሳቱ በኩል ነው። ሲግል የሚከዳ ቦቢና ወይም ኮንዴንሰር (ለብልጭታው የሚያገለግሉ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች) ልክ እንደ ቤንዚን እጥረት ያሳስታል፤ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይሠራልና። ምንም ካልተረጨ የታንኩ ክዳን ይከፈት። ሲከፈት «ፍስስ» ብሎ አየር ከሳበ የክዳኑ መተንፈሻ ተደፍኗል። ቀጥሎ ከታንኩ እስከ ፓምፑ ያሉት የጎማ ቱቦዎች ይታዩ። የሳቢው ወገን ቱቦ ሲሰነጠቅ ቤንዚን አያንጠባጥብም፣ አየር ይስባል፤ ስለዚህ ደረቅ መስሎ ያታልላል። ይህ ቱቦ ከሦስትና ከአራት ዓመት በላይ ካገለገለ ባይሰነጠቅም ቢቀየር ይሻላል። በመጨረሻ በካርቡሬተሩና በማኒፎልዱ (ድብልቁን ወደ ሲሊንደሮቹ በሚያደርሰው ቱቦ) መካከል፣ በፓምፑና በሞተሩ መካከልም፣ ሙቀት የሚከለክለው ጥቁር ወፍራም ስፔሰር መኖሩ ይረጋገጥ። አንዱ ጠጋኝ ሲፈታ ጥሎት በቀጭን ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ተክቶት ከሆነ፣ በግቤ ላይ የሚቆመው በዚያ ብቻ ሊሆን ይችላል። ላንድክሩዘሩን ጨምሮ አንዳንድ መኪኖች ትርፉን ቤንዚን ወደ ታንኩ የሚመልስ ቀጭን ቱቦ አላቸው፤ ብዙ ቦታ ተቆርጦ ወይም በቦሎኒ ተደፍኖ ይገኛል። ይህን መስመር መልሶ መክፈት አንዳንዴ ፓምፕ ከመጨመር ይበልጣል፤ ቤንዚኑ እየተዘዋወረ ይቀዘቅዛል፣ እንፋሎቱም መውጫ ያገኛል።

ይህ ሁሉ ታይቶ ፓምፕ ያስፈልጋል ከተባለ፣ ግፊቱን ማወቅ ግድ ነው። ካርቡሬተር ውስጥ ቤንዚን የሚገባበትን ቀዳዳ የሚዘጋው አንድ ትንሽ መርፌ ነው። መርፌውን ወደ ላይ የሚገፋው ተንሳፋፊው ነው። ቀዳዳው 2 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው እንበል። በ0.25 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) የሚገፋ ቤንዚን መርፌውን ወደ ታች የሚጫነው 8 ግራም በሚያህል ክብደት ነው፤ ተንሳፋፊው ይህን በቀላሉ ያሸንፋል። የኢንጀክሽን ፓምፕ ግን 3 ባር ይገፋል፣ ከዚያም በላይ። በዚያው ቀዳዳ ላይ ክብደቱ ወደ 96 ግራም ይደርሳል። መርፌው ይከፈታል፣ ሳህኑ ሞልቶ ይፈሳል፣ ቤንዚኑ በጋለው ማኒፎልድ ላይ ይወርዳል። ከዚያ ወዲያ የሚጠብቀው አንድ ብልጭታ ብቻ ነው። ባይቀጣጠል እንኳ ወደ ሲሊንደሮቹ የወረደው ቤንዚን ዘይቱን ከግድግዳው ያጥበዋል፣ ፒስተኑንና ፋሻውን ይበላል።

ስለዚህ የሚገዛው ፓምፕ ለካርቡሬተር የተሠራ፣ ከ0.15 እስከ 0.3 ባር የሚገፋ ይሁን። በሌላው የግፊት መለኪያ፣ በፒኤስአይ፣ ሲቆጠር ከ2 እስከ 4 ማለት ነው። ለቮልስዋገኑ ሶሌክስና ለዌበር ካርቡሬተር ወደ 0.2 ባር የቀረበው ይሻላል፤ ለላንድክሩዘሩ ትልቅ ሞተር 0.3 ባርም ይስማማዋል። ገበያ ላይ ያሉት ትንንሽ አራት ማዕዘን ፓምፖች፣ «ጠክ ጠክ» እያሉ የሚሠሩት፣ አብዛኞቹ በዚህ ልክ ውስጥ ናቸው፤ ግን ሁለት ዓይነት አላቸው፣ የዝቅተኛውና የከፍተኛው ግፊት። ከፍተኛው ከ4 እስከ 7 ፒኤስአይ ስለሚገፋ ለብዙዎቹ ካርቡሬተሮች ይበዛል፤ ከተገጠመ ከካርቡሬተሩ በፊት ግፊት መቀነሻ ይፈልጋል። ሰው ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ መጠኑ ነው፤ «ይህች ትንሽ ፓምፕ ትበቃዋለች ወይ?» ይላል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ በ100 ኪሎ ሜትር 12 ሊትር የሚጨርስ መኪና በሰዓት የሚጠጣው 10 ሊትር አይሞላም። ትልቁ የላንድክሩዘር ሞተር ዳገት ላይ ተጨንቆ ከ25 እስከ 30 ሊትር ቢጠጣም ትንሿ ፓምፕ በሰዓት ከ60 ሊትር በላይ ትሰጣለች። መጠን አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው ግፊቱ ነው። ከመግጠም በፊት ያልተቃጠለችና ያልደከመች መሆኗን ለማየት፣ አውጪዋን ሃይላንድ ውስጥ አድርጎ በ30 ሰከንድ ግማሽ ሊትር መስጠቷን ማየት ይበቃል። ግፊቱ በቲ (ባለ ሦስት አፍ መጋጠሚያ) በተቀጠለ ጌጅ ይለካ፤ ጌጅ ሳይኖር የኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚገጥም ጋራዥ በጭፍን እየሠራ ነው።

ብዙዎች ሁለቱ ፓምፖች ተከታትለው ሲሠሩ ግፊታቸው ይደመራል ብለው ይሰጋሉ። አይደመርም። የመካኒካሉ ግፊት የሚመጣው ከዲያፍራሙ (ቤንዚኑን ከሚገፋው የጎማ ሽፋን) ሥር ካለው ስፕሪንግ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ቤንዚን ከስፕሪንጉ ከበለጠ ዲያፍራሙን ወደ ታች ይዞ በቫልቮቹ በኩል ያልፋል። ካርቡሬተሩ ጋ የሚደርሰው ከሁለቱ ትልቁ ግፊት ነው።

ከዚህ የሚቀጥለውን አንባቢ በጥሞና እንዲያየው እለምናለሁ። የመካኒካሉ ዲያፍራም ከተቀደደና ከኋላው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ካለ፣ ቤንዚኑ በቀዳዳው አልፎ በቀጥታ ወደ ሞተሩ ዘይት ይገባል። ዲያፍራሙ ብቻውን ሲቀደድ የሚገባው ትንሽ ነው፤ የኤሌክትሪኩ ሲገፋው ግን በአንድ ጉዞ ሊትር ሙሉ ሊገባ ይችላል። ዘይቱ ይቀጥናል፣ የክራንኩ ኩሽኔታዎች ይበላሉ፣ በዘይቱ ቋት ውስጥ የተጠራቀመው የቤንዚን እንፋሎትም ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ረዳት ፓምፕ በሚገጠምበት ዕለት መካኒካሉ አዲስ ዲያፍራም ይቀየርለት። ኤታኖል የተቀላቀለ ቤንዚን ድሮ የተሠራውን ጎማ ስለሚያሳብጥና ስለሚያለሰልስ መደርደሪያ ላይ 30 ዓመት የቆየ ዲያፍራም «አዲስ» ተብሎ አይገጠም። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የዘይት መለኪያው ዘንግ ተመዝዞ ይሽተት። ዘይቱ ከፍ ካለ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሞተሩ ሳይነሳ ዘይቱ ይፍሰስ። ይህን መከታተል የማይችል ሰው መካኒካሉን ፈጽሞ ያንሳውና ቀዳዳውን በ5 ሚሊ ሜትር ላሜራና በጓርኒሲዮን ይድፈን። ቮልስዋገን ላይ በዚያው ጊዜ የፓምፑ መግፊያ ዘንግም አብሮ ይወጣል።

ቦታው ታንኩ አጠገብ፣ ከታንኩ የቤንዚን ወለል ዝቅ ብሎ፣ ከማርሚታው (ከጭስ ማውጫው) ርቆ ነው። እነዚህ ፓምፖች መግፋት እንጂ መሳብ አይሆንላቸውም። ሞተሩ ክፍል ውስጥ፣ ኮፈኑ ሥር፣ ለሽቦ ስለሚቀርብ ብቻ የተሰቀለ ፓምፕ እንደ መካኒካሉ ይግላል፤ ለምን እንደተገጠመም አይገባኝም። ቮልስዋገን ታንኩ ፊት ስለሆነ ፓምፑም ፊት ከወለሉ ሥር ይቀመጣል። አውጪ አፉ ወደ ላይ ያዘንብል፣ ከታች ጎማ ይደረግለት፤ ያለ ጎማ ከታሰረ ጩኸቱ መኪናውን ይሞላዋል። ከፓምፑ በፊት ማጣሪያ ግድ ነው። በጀሪካንና በሃይላንድ የተገዛ ቤንዚን ውስጥ ውሃና አፈር አይጠፋም፤ አሮጌ ታንክ ደግሞ ዝገት ይጥላል፤ አንድ የዝገት ቅንጣት የፓምፑን ቫልቭ ይይዛል። ሁለተኛው ደቃቅ ፊልትሮ ከካርቡሬተሩ በፊት ይሁን። ቮልስዋገን ላይ ይህ ፊልትሮ ከዲስትሪቢዩተሩ በላይ እንዳይንጠለጠል፤ ከላስቲኩ የሚያመልጥ ቤንዚን የሚወርደው ብልጭታው ላይ ነው። ቱቦው ለቤንዚን የተሠራ ጎማ ይሁን፤ የውሃ መሳቢያ ግልጽ ፕላስቲክ በጥቂት ወር ይደርቅና ከፋሸታው (ከቱቦ ማሰሪያው) ሥር ይሰነጠቃል።

የኤሌክትሪኩ ሲጠፋ መካኒካሉ በውስጡ መሳብ መቻል አለበት። ይህን ማወቅ ቀላል ነው፤ ገና ያልተገጠመውን ደረቅ ፓምፕ በመግቢያው በኩል በአፍ መንፋት። አየሩ በቀላሉ ካለፈ በተከታታይ ይቀጠል። ካላለፈ በሁለት ቲ ጎኑን የሚያልፍ መስመር ተሠርቶ በመስመሩ ላይ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ ይግባ፤ ቫልቩ ከሌለ የኤሌክትሪኩ ፓምፕ የገፋውን ቤንዚን ዞሮ ራሱ ይስበዋል።

አሁን ሽቦው። ከቁልፉ በቀጥታ የተሳበ ፓምፕ መኪናው ተገልብጦ፣ ቱቦው ተበጥሶ፣ ሞተሩም ቆሞ ቤንዚን ማፍሰሱን ይቀጥላል። ሊታገሥ የማይገባው ነገር ይህ ነው። ፓምፑ ሞተሩ ሲቆም በራሱ መጥፋት አለበት። በርካሽ የሚሠራበት መንገድ አለ፤ የዘይት መብራት ስዊች ላለው መኪና ባለ አምስት እግር ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፤ ቁጥሮቹ እግሮቹ አጠገብ ተጽፈዋል) ይበቃል። እግር 30 በ5 አምፔር ፊውዝ በኩል ቁልፍ ሲከፈት ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ሽቦ ይሳብ። ፓምፑ ከ87ኤ ጋር ይገናኝ። 86 እዚያው ቁልፍ የሚያገኘው ሽቦ ላይ፣ 85 ደግሞ የዘይት ስዊቹ ሽቦ ላይ ይታሰር። የዘይት ግፊት ከሌለ ስዊቹ ከማሳ (ከመኪናው ብረት) ጋር ስለሚያገናኝ ሪሌው ይስባል፣ ፓምፑም ይጠፋል። ሞተሩ ተነስቶ የዘይት ግፊት ሲመጣ ስዊቹ ይከፈታል፣ ሪሌው ይለቃል፣ ፓምፑ ይሠራል። አንድ ድካም አለው፤ የዘይት ስዊቹ ሽቦ ከተበጠሰ ፓምፑ ሁልጊዜ ይሠራል። ሽቦው ሲበጠስ ግን የዘይት መብራቱም አይበራም። ስለዚህ ቁልፍ ሲከፈት፣ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀይ የዘይት መብራቱ ካልበራ ሹፌሩ ይመርምር። የዘይት ጌጅ ብቻ ላላቸው መኪኖች ለብቻው ስዊች በቲ ይጨመር። ከዚህ በላይ በግጭት ጊዜ የሚያቋርጠው፣ አናቱ ላይ መጫኛ ያለው የግጭት ማቋረጫ ከወደቁ የኢንጀክሽን መኪኖች ይገኛል፤ ከአሮጌ መኪና ዕቃ ውስጥ በጥቅምም በዋጋም ይህን የሚስተካከል ጥቂት ነው። ፓምፑን ሳይሆን ይህን ነቅሎ መውሰድ ነበር የሚገባው።

ሰንብቶ ለቆመ መኪና ሪሌውን አልፎ ፓምፑን የሚያስነሳ፣ ጣት እስካለበት ብቻ የሚሠራ መጫኛ ይደረግ። የሚጣበቅ ስዊች አይደረግ፤ ይረሳል። ፓምፑን ለግቤና ለመሰል ዳገት ብቻ የሚፈልግ ሰው ግን ከ87ኤ ወደ ፓምፑ በሚሄደው ሽቦ ላይ ማብሪያ ይጨምር፤ ማብሪያው ትንሽ አምፖል ይኑረው፤ ፓምፑ ሲሠራ አምፖሉ ይብራ። ሽቦው 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ማሳው ሻንሲው ላይ ቀለሙ ተፍቆ፣ ብረቱ እስኪያበራ ጸድቶ ይታሰር፤ ፓምፑ ላይ ሞተሩ እየሠራ ቢያንስ 12 ቮልት ካልተለካ ችግሩ ብዙ ጊዜ ማሳው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ አጋማሽ በፊት የተሠሩ ቮልስዋገኖች 6 ቮልት፣ አንዳንድ አሮጌ ላንድሮቨሮች ደግሞ ማሳቸው አዎንታዊ ስለሆነ ፓምፑ ከመገዛቱ በፊት ይጣራ።

ሥራው ሲጀመር የባትሪው አሉታዊ ሽቦ ይፈታ፤ 2 ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በእጅ ይቅረብ፤ የቡናው ከሰል ከግቢው ውጪ ይሁን። ብዙ ጋራዥ ውስጥ ቡናው የሚፈላው መኪናው በተከፈተበት ቦታ ነውና ይህን የጻፍኩት ለማለት ያህል አይደለም። ተገጥሞ ሲያልቅ በመጫኛው ብቻ ፓምፑ 30 ሰከንድ ይሠራ፣ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ በደረቅ ነጭ ጨርቅ ይጠረግ፤ ጨርቁ ከረጠበ ፋሸታው ይስተካከል። የካርቡሬተሩ ጉሮሮም ይታይ፤ ሞተሩ ሳይነሳ ቤንዚን ከጂግለሩ (ከመርጫው ቀዳዳ) እየተንጠባጠበ ከሆነ መርፌው አልቋል ወይም ግፊቱ በዝቷል። ከዚያ በአቅራቢያችን እስካለችው ሰርቦ ከተማ ደርሶ ተመልሶ፣ እንደጋለ ይቆም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ኮፈኑ ተከፍቶ ይሽተት።

በመጨረሻ ለጅማ የመኪና ዕቃ መደብሮች አንድ ልመና አለኝ። የምትሸጡት የቤንዚን ፓምፕ ስንት ባር እንደሚገፋ በማርከር በሳጥኑ ላይ ጻፉበት። ከኢንጀክሽን መኪና የተነቀለ ከሆነ «ለካርቡሬተር አይሆንም» ብላችሁ ጻፉ።

ከአክብሮት ጋር፤
የካርቡሬተር መኪና ጠጋኝ፣ ጅማ